ሊኑክስ ወደ ትልቅ ዲስክ አዛውራችሁ ችግር ከገጠማችሁ

ኮፒ ማድረጉ ቀላል ነው፣ ጣጣው የሚመጣው ሪስታርት ስታረጉ ነው። መጀመሪያ ግን በምን እንዳዛወራችሁት አስታውሱ፤ ዲዲ የሚባለው ትዕዛዝ ዲስኩን እንዳለ ስለሚገለብጠው አዲሱ ቁርጥ አሮጌውን ይሆናል፣ አርሲንክ የሚባለው ደግሞ ፋይሎቹን ብቻ ነው የሚወስደው፣ ስለዚህ ፓርቲሽኑም (የዲስኩ ክፍልፋይ) ዩዩአይዲውም (ሲስተሙ ፓርቲሽኑን የሚለይበት ቁጥር) አዲስ ነው። እኔ አርሲንክ ይሻለኛል፣ መብራት መሀል ላይ ቢጠፋ እንኳ ያለፈውን ዘሎ ይቀጥላል።

«500 ጊጋውን ወደ 2 ቴራ ገለበጥኩት አሁንም 500 ነው የሚለው»

ዲዲ ነው የተጠቀማችሁት፣ ዲስኩ ምንም አልሆነም። ፓርቲሽን ቴብሉም (የክፍልፋዮቹ ዝርዝር) አብሮ ስለተገለበጠ የተረፈው ቦታ ባዶውን ተቀምጧል። የቴብሉ ዓይነት ጂፒቲ ከሆነ ዲስኩ መጨረሻ ላይ መቀመጥ ያለበት መጠባበቂያ ቴብል አሁን መሀል ላይ ቀርቷል፣ ፓርትድን (ፓርቲሽን ማስተካከያውን) ከፍታችሁ ፕሪንት ስትሉት ፊክስ ላርገው ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል፣ ፊክስ በሉት። ከዛ በግሮውፓርት ፓርቲሽኑን ታሰፋላችሁ፣ ቀጥሎ ፋይል ሲስተሙን (ፓርቲሽኑ ውስጥ ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን አደረጃጀት)፣ ኤክስት 4 ከሆነ በሪሳይዝ ቱ ኤፍኤስ፣ ሲስተሙ እየሰራ እያለም ይሰፋል። ሁለቱ የተለያየ ስራ ነው፣ ብዙ ሰው ፓርቲሽኑን አስፍቶ ዲኤፍ (የዲስክ ቦታ የሚያሳየው ትዕዛዝ) ላይ ለውጥ ሲያጣ የሚደናገጠው ለዛ ነው። ከሩቱ (ሲስተሙ ካለበት ፓርቲሽን) ቀጥሎ ስዋፕ ፓርቲሽን (ራም ሲሞላ የሚያግዝ ቦታ) ካለ ግን መንገዱን ስለሚዘጋው ስዋፕኦፍ አርጋችሁ ሰርዙት፣ በኋላ ስዋፕ ፋይል ትሰራላችሁ።

«ይነሳል ግን 1 ደቂቃ ተኩል ዝም ብሎ ይቆማል»

ያው የሰረዛችሁት ስዋፕ ነው፣ ኤፍኤስታብ (ሲስተሙ ሲነሳ የሚከፍታቸው ፓርቲሽኖች ዝርዝር) ላይ አሁንም ተጽፏል። መስመሩን አጥፉት።

«ጥቁር ስክሪን ላይ ኢኒትራምኤፍኤስ ብሎ ይቀራል»

ይሄ የአርሲንክ ነው። ግረብ (ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የድሮውን ዩዩአይዲ ፈልግ ብሎ ነው የሚያስነሳው፣ እሱ ደግሞ አዲሱ ዲስክ ላይ የለም። በላይቭ ዩኤስቢ (ሊኑክስ በሚነሳበት ፍላሽ) ግቡና አዲሱን ሩት ማውንት አርጉ (ክፈቱት)፣ ቡት ወይ ኢኤፍአይ (የማስነሻ ፋይሎቹ) ለብቻው ፓርቲሽን ካለው እሱንም፣ ዴቭን ፕሮክንና ሲስን (የሲስተሙን ፎልደሮች) ባይንድ አርጋችሁ (እዛው አያይዛችሁ) በችሩት ወደ አዲሱ ሲስተም ግቡ። በብሎክ አይዲ ትዕዛዝ የምታገኙትን አዲሱን ዩዩአይዲ ኤፍኤስታብ ላይ ተኩት፣ ከዛ ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ግረብ ኢንስቶል ቀጥሎ አፕዴት ግረብ። ኤፍኤስታብን አስተካክላችሁ ግረብን ከረሳችሁ ተመልሳችሁ እዛው ጥቁር ስክሪን ላይ ናችሁ።

«ሴቭ ያረኩት ነገር ሪስታርት ሳረግ የለም»

ይሄ ግማሽ ቀን ነው የበላብኝ። በዲዲ ከገለበጥኩ በኋላ አሮጌውን ሳልነቅል ተውኩትና ሁለቱም አንድ ዩዩአይዲ ስላላቸው ሲስተሙ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዛ ይነሳል፣ እኔ ፋይል የሚጠፋኝ መስሎኝ ሚሞሪ ሁሉ ቴስት አረኩ። አሮጌውን ነቅላችሁ አስነሱ። በኋላ ፎርማት ሳታረጉት መልሳችሁ ልትሰኩት ከሆነ አሮጌው ላይ፣ ኤክስት 4 ከሆነ፣ በቱን ቱ ኤፍኤስ አዲስ ዩዩአይዲ ስጡት።

«ሱዶ አልሰራም አለ»

ሱዶ (በአስተዳዳሪ መብት የሚያሰራው ትዕዛዝ) የሚበላሸው፣ መሀል ላይ በኤክስፋት ፍላሽ (የሊኑክስን ፈቃዶች በማይዝ ፋይል ሲስተም) አሳልፋችሁት ነው፣ የፋይሎቹ ባለቤትነትም ሰትዩአይዲውም (ፕሮግራሙ በባለቤቱ መብት እንዲሰራ የሚያረገው ምልክት) እዛ ቀርቷል። በችሞድ (ፈቃድ በሚቀይረው ትዕዛዝ) ልጠግነው ብላችሁ አትልፉ፣ አሮጌው ዲስክ ስላለ ሩት ሆናችሁ (በዋናው አስተዳዳሪ መብት) በቀጥታ ከዲስክ ወደ ዲስክ እንደገና አርሲንክ አርጉት፣ ኤሲኤሉንና (ተጨማሪውን የፈቃድ ዝርዝር) ሃርድ ሊንኩን (የአንድ ፋይል ሁለተኛ ስም) የሚይዙትን ኦፕሽኖች ጨምራችሁ።