«ኮሮና ሲያልፍ ትመጣለህ»፦ በወረርሽኝ ጊዜ የቆሰለ ወታደር ማገገሚያ ላይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር ኮሮና ገና ከመካከላችን አልወጣም ነበር። በ2014 ኅዳር ደግሞ ውጊያው ሸዋ ሮቢት ድረስ ደረሰ። ያኔ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በሕክምናው ሥራ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ሁለት ጭንቀት በአንዴ ወደቀበት። ቁስለኛው ይመጣል፣ ቁስለኛውን ቀርቦ ለመንካት ደግሞ ይፈራል። በዚያ ግርግር የተለመዱ ስህተቶች አሉ። ነገ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ እነዚሁ እንዳይደገሙ አሁን ረጋ ብለን እንያቸው።

የመጀመሪያውና ትልቁ፣ ማገገሚያን እንደ ትርፍ ነገር ቆጥሮ «ኮሮና ሲያልፍ ትመጣለህ» ብሎ መሸኘት ነው። ቀዶ ሕክምናው አለቀ፣ ቁስሉ ደረቀ፣ እንግዲህ ልጁ ድኗል ይባላል። አልዳነም እኮ! ከጉልበቱ በታች እግሩ የተቆረጠ ልጅ ቤቱ ሲገባ እናቱ ታዝንለታለች፣ እንዲመቸው ብላ ከጉልበቱ ሥር ትራስ ታደርግለታለች። እሱም ይመቸዋል። ግን ቀኑን ሙሉ ታጥፎ የሚውል ጉልበት ጅማቱ ይሰበሰብና አልዘረጋም ይላል፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሠራሽ እግር ቢገኝ እንኳ ቆሞ ለመራመድ ፈተና ይሆንበታል። ወረርሽኙ ያልፋል፣ የተሰበሰበው ጅማት ግን እዚያው ነው።

አልጋ ጠፍቶ መሸኘት ግድ ከሆነ፣ ከመሸኘቱ በፊት እናቱን ጠርታችሁ በእጇ አሠሯት። ትራሱ ይቅር፣ ጉልበቱ ቀጥ ብሎ ይዋል። ዳሌውም ታጥፎ እንዳይቀር በቀን ሁለት ሦስቴ ለ20 ደቂቃ ያህል በሆዱ ይተኛ። ፋሻው እንደ 8 ቁጥር በሰያፍ ይጠቅለል፤ ጫፉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ሲመጣ ላላ እያለ። ዙሪያውን ብቻ ከታሰረ ደም ያፍናል። «የሌለው እግሬ ያቃጥለኛል» ቢላትም እንዳትደነግጥ ቀድማችሁ ንገሯት። አእምሮው ተነክቶ አይደለም፣ መንፈስም አልተጠናወተውም። የተቆረጠ አካል ላይ ሕመም መሰማቱ የታወቀ ነገር ነው፣ ሕክምናም አለው። አከርካሪው የተጎዳ ከሆነ ደግሞ አልጋ ላይ በየ2 ሰዓቱ ይገላበጥ፣ ዊልቸር ላይ ሲቀመጥ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው በእጁ ተደግፎ ከመቀመጫው ብድግ ይበል ወይም ሰው ደግፎት መቀመጫውን ከክብደቱ ያሳርፍ። የአልጋ ቁስል ይገድላል። ይህን ሁሉ ማስረዳት ብዙ ጊዜ አይፈጅም፣ የሚዘለል ግን ይሄው ነው።

ሌላው «በቪዲዮ እንከታተለዋለን» የሚለው ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግን መንዝ ውስጥ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ የሚኖር፣ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ መውጣት ያለበት ሰው በምን እግሩ ይወጣል? ተራ የስልክ ጥሪ ይበቃል። ሰዓቱን ቁረጡ፣ ቤት ውስጥ የሚያስታምመው ሰው አጠገቡ ይሁን፣ የጤና ኤክስቴንሽኗንም አሳውቋት። ስትደውሉ ደግሞ «እንዴት ነህ?» ብላችሁ አትለፉ። መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው፣ አለቀ። ወታደር ሕመሙን አያወራም። ይልቅ «ስትተኛ ጉልበትህ ከሥሩ ፍራሹን ይነካል?»፣ «ዛሬ እስከ በር ስንቴ ሄድክ?»፣ «እስቲ ተረከዝህን ይዩልህ፣ የቀላ ወይም የጠቆረ ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ደህና ነኝ» የማይመልሳቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ክራንች ሳይለኩ ማደልም አለ። ቶሎ ቶሎ ለመሸኘት ሲባል የተገኘው ይሰጣል። ቆሞ ሲለካ ከብብቱ ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ይበል፣ ክብደቱም እጁ ላይ ይረፍ። ብብቱ ላይ ከተንጠለጠለ ነርቭ ይጎዳና እጁ ይዝላል። እጅ ሳኒታይዘር ሲቀባ የክራንቹ እጀታም በሳሙና ይታጠብ፤ ቀኑን ሙሉ የሚጨበጠው እሱ ነው።

ብርዱን እናውቀዋለን፣ ደብረ ብርሃን ነው። ስለዚህ መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ይዘጋና ቁስለኞቹ አንድ ክፍል ውስጥ ስፖርት ይሠራሉ። በወረርሽኝ ጊዜ ከዚህ የከፋ የለም። በአንጻሩ ፈርተው አብሮ መሥራትን ጨርሶ የከለከሉም ነበሩ፣ እሱም ልክ አይደለም። ወታደር ከጓዱ ጋር ሲሆን ነው የሚበረታው። ፀሐይ ሲሞቅ ነፋስ የማያገኘው ግድግዳ ሥር፣ ጋቢ ደርቦ፣ ተራርቆ፣ ግቢ ውስጥ መሥራት ይቻላል።

ስለ ማስክ አንድ ነገር ልበል። ፍንዳታ አጠገብ የነበረ ሰው ጆሮው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። አፋችን ሲሸፈን ከንፈራችንን አይቶ መረዳት አይችልም። ራሱን ስለነቀነቀ ገብቶታል ማለት አይደለም። ጻፉለት፣ ወይም በእጅ አሳዩት፣ ከዚያ ራሱ ይድገመው። ሌሊት በቅዠት የሚባንን ሰው ለይቶ ማቆያ ውስጥ ብቻውን ሲዘጋበት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ስልኩ አይወሰድበት፣ የሚያየውም ሰው በየቀኑ አይለዋወጥ።

ወጌሻ ጋ የሄደውን መቆጣት ሌላው ስህተታችን ነው። ሆስፒታል ኮሮና አለ ተብሎ ሲፈራ ሰው ወደሚያውቀው ሄደ፣ ምን ይደረግ? ከተቆጣነው ሁለተኛ አይመጣም። ቤተሰቡ ምልክቱን ይወቅ፦ እግሩ ወይም እጁ ታስሮ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ፣ ካበጡ ወይም መልካቸው ከተለወጠ እስራቱ ወዲያው ይፈታ፣ ሆስፒታልም ይምጣ። ጣት እስኪጠቁር ከተጠበቀ እግሩ ራሱ ሊቆረጥ ይችላል። ፀበልም እንዲሁ ነው። ሸንኮራ ዮሐንስ ልሂድ የሚለውን ሰው እምነቱን አትንኩበት። ቁስሉ ክፍት ከሆነ ወይም አጥንቱ በውጭ ብረት ከተያዘ ያ ቦታ ውሃ እንዳይነካው፣ ከሕዝቡም ራቅ እንዲል ተነጋገሩ። ካህናቱን አስረዱ፣ ያግዟችኋል።

ኮሮና ይዞት የዳነውን ወታደር ቶሎ ማስሮጥም አለ። እሱም ይቸኩላል፣ ጓዶቹ ግንባር ናቸው። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ጦር ማገገሚያ ከሚገኝበት ስታንፎርድ ሆል የወጣው የባለሙያዎች ምክር፣ ትኩሳት፣ ሳል፣ የደረት ሕመም ወይም ትንፋሽ ማጠር የነበረው ሰው ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ከባድ ስፖርት ይቆየው ይላል። ደረቱን ከወጋው፣ ልቡ ድው ድው ካለ ወይም ራሱን ከሳተ ስፖርቱ ይቁም፣ ልቡ ይታይ።

ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያም ከቦታው ከፍታ ጋር አንብቡት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ግን ቆላ ነው። ከሸዋ ሮቢት ጣርማበርን ወጥቶ የመጣ ሰው ቁጥሩ ዝቅ ቢል በዚያ ብቻ አትደንግጡ፤ በከፍታው ነው ብላችሁም አትናቁት። አርፎ ሳለ ለኩት፣ ለአንድ ደቂቃ ከወንበር እየተነሳ ይቀመጥ፣ ከዚያ ድገሙት። ቁጥሩ በ3 ፐርሰንት ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ሐኪም ይየው።

የመጨረሻው ስለ መዝገብ ነው። መንገድ ሲዘጋ ለሰው ሠራሽ እግር ደሴ ወይም አዲስ አበባ ቀጠሮ የነበራቸው ሁሉ ቀሩ። የተቆረጠው እግር በወራት ውስጥ እየሟሸሸ ቅርጹን ይለውጣል፣ የድሮው ልክ አይሆንም፣ እንደገና ይለካ። ስለዚህ «ቆይ» ያላችሁትን ሰው ሁሉ ስሙን፣ ቀበሌውን፣ የራሱንና የአንድ ጎረቤቱን ስልክ ጻፉ። መንገዱ የተከፈተ ዕለት የምትደውሉት እናንተ ናችሁ፣ እሱን አትጠብቁ።