አዲስ ዶናቤ እንዴት ይሟሻል?

ዶናቤ ከምድጃ ወርዶ በቀጥታ ገበታ ላይ የሚቀርብ የጃፓን ሸክላ ድስት ነው። በተለይ ኢጋ በተባለው የጃፓን አካባቢ የሚሠራው ዐፈሩ ባለ ቀዳዳ ስለሆነ ሳይሟሽ ከተጣደ ውሃ ያዣል።

አጥባችሁ በደንብ አድርቁት። እስከ 80 በመቶው ውሃ ሙሉበትና የውሃውን 1/5ኛ ያህል የበሰለ ሩዝ ጨምሩ። በለስላሳ እሳት አጥሚት እስኪመስል እያማሰላችሁ አብስሉት፤ ቀዳዳዎቹን የሚደፍነው የሩዙ ስታርች ነው። እሳቱን አጥፍታችሁ እዚያው ይቀዝቀዝ። ትኩሱን ቀዝቃዛ ውሃ ካስነካችሁት ይሰነጠቃል።

ከሁሉ በላይ ሥሩን ተጠንቀቁ! ልባስ ስለሌለው ውሃ ይመጥጣል፤ እርጥቡን እሳት ላይ ብትጥዱት በውስጡ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። ውስጡ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚታዩት ቀጫጭን መስመሮች ግን ጉድለት አይደሉም፤ እንዲያውም ውበቱ እነሱ ናቸው። ሳሙና ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ ሽታው በሚቀጥለው ሾርባ ይወጣል። እንደገና ማዣት ከጀመረ ደግማችሁ አሟሹት።