4 ገጽ አልቀንስ ያለኝ ትዕይንት

ባሕር ዳር የሚቀረጽ የ10 ደቂቃ አጭር ፊልም እየጻፍኩ ነው። የመጀመሪያው ትዕይንት ብቻ 4 ገጽ ወሰደ። በስክሪፕት ልማድ አንድ ገጽ በግምት 1 ደቂቃ ነው፤ ፊልሙን ግማሽ ሊያደርስልኝ ምን ቀረው!

መጀመሪያ ቃላት ቀነስኩ። ደረቀ እንጂ አላጠረም። ቀጥሎ ባለታሪኩ፣ ሽማግሌው ዓሣ አስጋሪ፣ ሐዘኑን ለጎረቤቱ እንዲያወራ አደረግኩ። ጭራሽ ባሰበት። ፊልም ደጋግሜ አየሁ፤ ያለቀ ፊልም ግን ወረቀቱ ላይ ምን እንደነበረ አይነግርም።

የሠራልኝ የ1979ኙን (እ.ኤ.አ.) «ኤሊየን» ፊልም ስክሪፕት ማንበብ ነው፤ የዋልተር ሂልንና የዴቪድ ጋይለርን ረቂቅ። ገለጻው አጫጭር መስመር ነው፣ አንዳንዱ አንድ ቃል ብቻ። መጀመሪያ ሳየው ግጥም መስሎኝ ነበር። መስመሩ ሲቀየር ካሜራው የተንቀሳቀሰ ያህል ይሰማል።

ከዚያ የኔን ከፈትኩ። «ልጁን ሐይቁ ከወሰደበት ወዲህ ውሃ ይፈራል» ይላል። ይሄ እንዴት ይቀረጻል? ሰረዝኩትና እንዲህ ጻፍኩ፦

ጎሕ ሲቀድ። ጣና ዳር።
ደንገሉ የደረቀ ታንኳ።
ሽማግሌው መረቡን ያነሳል።
ውሃው እግሩን ይነካዋል።
ወደ ኋላ ይላል።

ጎረቤቱም ከነወሬው ወጣ። አሁን 1 ገጽ ተኩል ነው።