የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤትን ለወሲብ አጋር በማሳወቅ ሂደት ነርሶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ምስጢር መጠበቅን ከዝምታ ጋር ማምታታት። ታካሚው «ለባለቤቴ እንዳትነግሩብኝ» ሲል ካርዱን ዘግቶ ቀጣዩን ታካሚ መጥራት የተለመደ ነው። ሰውየው ግን የጠየቀው ምስጢሩ እንዲጠበቅለት እንጂ ያለ እርዳታ እንዲተው አይደለም። ራሱ እንዲናገር ማለማመድ፣ ነርሷ ባለችበት አብረው እንዲነጋገሩ ማድረግ፣ ወይም በፈቃዱ ባለሙያው ስሙን ሳይጠቅስ አጋሩን ለምርመራ እንዲጠራ መስማማት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ እንዲህ ያለ እገዛ እንዲሰጥ የመከረው በ2016 ነው። አንድ ነገር ግን አይሸፈን፦ አጋሩ ከእሱ ሌላ ሰው ከሌላት ስም አለመጥቀሱ ማንነቱን አይደብቅለትም። ይህን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

በተቃራኒው ደግሞ «ሕይወት ላድን» ብሎ በራስ ሥልጣን ለታካሚው አጋር ስልክ የሚደውል አለ። ያለ ታካሚው ፈቃድ ማሳወቅ በሚፈቀድባቸው አገሮች እንኳ ሥልጣኑ ብዙውን ጊዜ የሐኪሙ ወይም የጤና ባለሥልጣኑ ነው፤ ያውም ታካሚው ከተመከረ በኋላ። ለእናት ወይም ለእህት «በደግነት» መንገር ግን ጨርሶ ማመካኛ የለውም።

ከሁሉም የከፋው ስለ ጥቃት ሳይጠይቁ «ዛሬውኑ ንገሪው» ማለት ነው። ታካሚዋን ብቻዋን አድርጎ በሩን ዘግቶ መጠየቅ ይገባል፦ ብትነግሪው ምን የሚያደርግ ይመስልሻል? ከዚህ በፊት እጁን አንሥቶብሽ ያውቃል? ከቤት ቢያስወጣሽ የት ታድሪያለሽ? መልሱ የሚያሰጋ ከሆነ የሚዘገየው ንግግሩ ነው፤ ኮንዶሙና ሕክምናው አይዘገዩም።

ሕግን በወሬ ማስረዳትም አደገኛ ነው። በእንግሊዝ ክስ የሚቀርበው በአብዛኛው ቫይረሱ ሲተላለፍ ነው፤ በካናዳ ግን ሳይተላለፍም አለማሳወቁ ብቻውን ሊያስከስስ ይችላል። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 ኮንዶም ተደርጎ የቫይረሱም መጠን ዝቅተኛ ከሆነ የማሳወቅ ግዴታ እንደማይነሣ ወስኗል። ነርስ የአገሯን ሕግ ትወቅ፤ ለግል ጉዳይ ግን ወደ ጠበቃ ትምራ።

የድሮ ፍርሃትን ማስተማርም ይቅር። በ2016 ይፋ የሆነው «ፓርትነር» የተባለው ጥናት ጥንዶች ያለ ኮንዶም የፈጸሙትን 58,000 ያህል ግንኙነት ተከታትሎ፣ በመድኃኒት ቫይረሱ ከታፈነበት ሰው ወደ አጋሩ የተላለፈ አንድም አላገኘም። ይህ የሕክምና እውነት ነው፤ ፍርድ ቤት ሁሉ ይቀበለዋል ማለት ግን አይደለም።

አጋሩ በቅርቡ ተጋልጦ ከሆነ የመከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ቀጠሮ አይጠብቅም።

መዝገቡስ? «ታካሚዋ እምቢተኛ ናት» ተብሎ የተጻፈ ካርድ ነገ ዳኛ ፊት ሊነበብ ይችላል። የሚጻፈው ቀኑ፣ የተሰጠው ምክርና የታካሚዋ መልስ በራሷ አነጋገር ነው፦ «እንደሚደበድባት ስለምትፈራ ለጊዜው እንደማትነግረው ገልጻለች፤ ኮንዶም ወስዳለች፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንድትመለስ ቀጠሮ ተሰጥቷታል።»