የኔትዎርክ ካርድ የማክ አድራሻው ሲምታታበት እንዴት ይስተካከላል?

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ባለቤቷ በየጠዋቱ ትደውላለች፦ «ወንድሜ፣ ዛሬም ፕሪንተሩ የለም!» ኬብል ቀየርን፣ ራውተር ቀየርን፣ ወፍ የለም። ለካ ፕሪንተሩ የተሰካበት ሊኑክስ ኮምፒውተር በተከፈተ ቁጥር የማክ አድራሻው፣ ማለትም የኔትዎርክ ካርዱ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው መለያ፣ ይቀያየራል፤ ራውተሩ አይፒ (ኔትዎርኩ ላይ የሚገኝበትን ቁጥር) የሚያስቀምጥለት በማክ እየለየ ስለሆነ በየቀኑ አዲስ እንግዳ የመጣ ይመስለዋል።

እንዲህ ሲገጥማችሁ ካርድ ለመግዛት አትሩጡ። መጀመሪያ ካርዱ ላይ የተለጠፈውን አድራሻ አንብቡ፤ 12 ቁጥርና ፊደል ነው። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ የሚለውን እዩ፤ ሊኑክስ ላይ «አይፒ ሊንክ»፣ ዊንዶውስ ላይ «ጌትማክ» የሚለው ትእዛዝ ያወጣዋል።

ከገጠሙ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ካልገጠሙ አለመግጠሙ ራሱ ይናገራል። ሁሉም ዜሮ ከሆነ ድራይቨሩ (ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) አድራሻው ከተጻፈበት ቺፕ ምንም አላነበበም። 00:11:22:33:44:55 የነበረው 55:44:33:22:11:00 ከሆነ ቺፑ ደህና ነው፣ ድራይቨሩ ከኋላ ወደ ፊት እያነበበ ነው፤ የኤንቪዲያ ኤንፎርስ ቺፕ ያላቸው የድሮ ማዘርቦርዶች ሊኑክስ ላይ በዚህ ይታወቃሉ። በየጊዜው ከተቀያየረና ሁለተኛው ምልክት 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ ደግሞ ድራይቨሩ ያነበበው ስላላሳመነው በዘፈቀደ የራሱን ፈጥሯል። ዋይፋይ ከሆነ ግን ሆን ተብሎም ይደረጋል፤ መጀመሪያ ሴቲንጉን እዩ።

አሁን ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ ማብሪያውን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ቀልድ ይመስላል። ግን ካርዱ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሚደርሰው የተምታታበትን ይዞ ሊያድር ይችላል፣ ስለዚህ ሪስታርት ብቻ አይበቃም።

አሁንም እምቢ? ድራይቨሩን ወይም ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) አድሱ። ካልሆነ ስቲከሩ ላይ ያለውን በእጅ ስጡት። ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማኔጀር፣ ካርዱ፣ አድቫንስድ፣ ከዚያ «ኔትዎርክ አድሬስ» ውስጥ 12ቱን ያለ ነጥብ ጻፉ፤ ሊኑክስ ላይ የግንኙነቱ ሴቲንግ ውስጥ «ክሎንድ አድሬስ» የሚል ሳጥን አለ። ፎቶ ኮፒ ቤቱን የገላገለው ይሄ ነው። አንድ አድራሻ ለሁለት ኮምፒውተር እንዳትሰጡ ብቻ።

በሲ ቋንቋ ፕሮግራም የምትጽፉ ከሆነ ድራይቨሩ ካርዱን መጀመሪያ የሚያገኝበትን ፈንክሽን ክፈቱና 6ቱ ባይት የሚነበቡበትን ቦታ ፈልጉ። ቅደም ተከተሉን ከመንካታችሁ በፊት ጥሬውን ሎግ ላይ አውጡት፤ ቺፑ 16 ቢት 16 ቢት እያደረገ ከሰጠ የተገለበጠው ጥንድ ጥንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

አድራሻውን ቺፑ ላይ እንደገና መጻፍም ይቻላል፣ እኔ ግን አልመክርም። አንዴ ስሞክር መሃል ላይ መብራት ሄደ፤ ካርዱ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።