ከግንበኛው ጋር የነበረን የካሬ ጭቅጭቅ የተፈታበት መንገድ

አዳማ ቤት እያሠራሁ ነው። የብሎኬቱ ግንብ ሲያልቅ ሥራው 4 ቀን ቆመ። ውላችን የእጅ ዋጋ በካሬ ነው። ግንበኛው 180 ካሬ አሉ፣ የእኔ ሂሳብ ደግሞ 154 ነው። ለጣሪያ የያዝኩት ብር ሊነካ ነው።

መጀመሪያ ሽማግሌ አስገባሁ። ታረቅን፤ በማግስቱ ክርክሩ ተመለሰ። ቀጥዬ የገዛሁትን ብሎኬት ቆጠርኩ። ባለ 40 በ20 ብሎኬት በካሬ ከ12 እስከ 13 ይፈጃል። ግን የተሰበረውን ማን ቆጥሮት? አላስኬደኝም።

በመጨረሻ የሠራልኝ ዘዴ ሜትር ይዞ አብሮ መለካት ነው። «ጋሼ፣ ጫፉን ይያዙልኝ፣ እኔ ልጻፍ» አልኳቸው። የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ነገሩ ወጣ። 2.40 በ1.50 የሆነውን መስኮት እሳቸው እንደ ግንብ ቆጥረውታል፤ እኔ ቀንሼዋለሁ። 26ቱ ካሬ በሙሉ የበርና የመስኮት ክፍት ቦታ ነበር! እውነት ለመናገር እሳቸውም አልዋሹም፤ የመስኮት ጠርዝ ማስተካከል ጊዜ ይበላል። ውሉ ግን «በካሬ» ብሎ ዝም ብሏል።

አንድ ገጽ ጨመርንበት። ክፍት ቦታ ይቀነሳል፤ የጠርዙ ሥራ ለብቻው በሜትር ይከፈላል። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ለክተን፣ ሁለታችንም ደብተሩ ላይ ፈርመን ነው የምከፍለው። ልስኑ ተጀምሯል።