«ስሊፕ ኢን» ስትሉ ተጠንቀቁ

እዚህ ጅማ ሥራ አርፍጄ ገብቼ፣ ለፈረንጁ አለቃዬ በእንግሊዝኛ «አይ ስሌፕት ኢን» (I slept in) አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። እኔ እኮ «እንቅልፍ ጣለኝ» ማለቴ ነበር።

«ስሊፕ ኢን» አብዛኛውን ጊዜ ሆን ብሎ አርፍዶ መነሣት ነው። እሁድ ነው፣ አላርም አልሞላችሁም፣ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እናንተ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ትስባላችሁ። ይኼው ነው። እንግሊዞች «ላይ ኢን» (lie in) ማለትም ይወዳሉ። ሳታስቡት እንቅልፍ ጥሏችሁ ካረፈዳችሁ ግን «አይ ኦቨርስሌፕት» በሉ፤ ይቅርታ መጠየቂያው እሱ ነው።

የባሰው ደግሞ «ስሊፕ ሌት» ነው። እኛ «አምሽቼ ተኛሁ» የሚለውን በቀጥታ ገልብጠን «አይ ስሌፕት ሌት» እንላለን። ሰሚው ግን ብዙውን ጊዜ «አርፍዶ ተነሣ» ብሎ ይረዳችኋል። ሌሊቱን ሙሉ ስትሠሩ አምሽታችሁ፣ ስማችሁ ከሰነፍ ተርታ ገባ ማለት ነው! አምሽታችሁ ከተኛችሁ «አይ ዌንት ቱ ቤድ ሌት» ወይም «አይ ስቴይድ አፕ ሌት» በሉ።

አለቃዬን በማግስቱ አስረዳሁት። ሳቀ፤ የቀረሁበትን ሰዓት ግን አልሰረዘልኝም።